ኪም ጥይቱንም ወታደሩንም ሰጡ፤ በምላሹ ምን አገኙ?

ከአንድ መታወቂያ ልጀምር።

ጥር 2025 ላይ ዩክሬን ኩርስክ በሚባለው የሩሲያ ግዛት ውስጥ ሁለት የቆሰሉ ወታደሮች መማረኳን አስታወቀች። አንደኛው ጋ የሩሲያ ወታደራዊ መታወቂያ ተገኘ። መታወቂያው ላይ ያለው ስም ግን የሌላ ሰው ነው፤ ከሞንጎሊያ ጋር በምትዋሰነው በሩሲያዋ ቱቫ የሚኖር ሰው ስም። ልጁ ደግሞ ሩሲያኛ አይችልም። ዩክሬንኛም እንግሊዝኛም አይችልም። ያናገሩት በኮሪያኛ አስተርጓሚ ነው፣ ያውም በደቡብ ኮሪያ የስለላ መሥሪያ ቤት እገዛ። የተወለድኩት በ2005 ነው አለ። የመጣሁት ለሥልጠና እንጂ ለጦርነት አልመሰለኝም ነበር አለ።

2005! ይሄን ከምታነቡት ብዙዎቻችሁ እኩያው ናችሁ። ልጁ ከሰሜን ኮሪያ ተነስቶ፣ አህጉር አቋርጦ፣ በማያውቀው ሰው ስም፣ በማያውቀው ቋንቋ፣ የራሱ ባልሆነ ጦርነት ውስጥ በረዶ ላይ ቆስሎ ተገኘ። እንዴት?

ባለፈው ስለዚህ ጦርነት አጠር ያለ ነገር ስለጥፍ ኮሜንት ላይ ሁለት ጎራ ተፈጠረ። ግማሹ «ኪም ወንድ ነው፣ ወዳጁን አይከዳም» አለ። ሌላው «ሕዝቡን ሳያበላ የሰው ጦርነት ውስጥ የሚገባ እብድ» አለ። እኔ ሁለቱም አይመስለኝም። ሰውየው እብድም አይደሉም፣ ለፍቅር ብለውም አላደረጉትም። ሂሳብ ሠርተው ነው የገቡት። ዛሬ ያንን ሂሳብ አብረን እንየው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።

የሃኖዩ ውርደት

ብዙ ሰው ታሪኩን ከ2022 ይጀምረዋል። እኔ ግን ከየካቲት 2019 ነው የምጀምረው፤ ከሃኖይ።

ኪም ጆንግ ኡን ያኔ በጥይት መከላከያ ባቡራቸው ስልሳ ሰዓት ያህል ተጉዘው፣ ቻይናን ከጫፍ ጫፍ አቋርጠው ቬትናም ገቡ። የሚጠብቃቸው ዶናልድ ትራምፕ ነበር። የኪም እቅድ ግልጽ ነበር፤ ዮንግብዮን የሚባለውን ዋናውን የኒውክሌር ጣቢያ ልዝጋና እናንተ ደግሞ ማዕቀቡን አንሱልኝ። ትራምፕ አይበቃም አሉ። የተዘጋጀው ምሳ ሳይበላ ስብሰባው ፈረሰ። ኪም ያንን ሁሉ መንገድ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

እንደ እሱ ያለ መሪ፣ በአገሩ እንደ አምላክ የሚታይ ሰው፣ በዓለም ሚዲያ ፊት ባዶ እጁን ሲመለስ ምን እንደሚሰማው አስቡት። ከዛ በኋላ ወዲያው ኮቪድ መጣ። ሰሜን ኮሪያ በጥር 2020 ድንበሯን ጥርቅም አድርጋ ዘጋች፤ ከቻይና የሚገባው እህልና ማዳበሪያ ሳይቀር ቆመ ማለት ይቻላል። አገሪቱ ከውጭ የምትነግደው ከዘጠና በመቶ በላይ ከቻይና ጋር ነው። ስለዚህ ያ ጊዜ ጨለማ ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ እያለ ነው ፑቲን የካቲት 2022 ዩክሬን ላይ የዘመቱት።

ኪም ቶሎ ነው የተንቀሳቀሱት። መጋቢት 2 ቀን 2022 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሩሲያን የሚያወግዝ ውሳኔ ሲያሳልፍ 141 አገሮች ደገፉ፣ 35 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ፣ የተቃወሙት 5 ብቻ ነበሩ። ሩሲያ ራሷ፣ ቤላሩስ፣ ሶርያ፣ ጎረቤታችን ኤርትራ፣ እና ሰሜን ኮሪያ። (ኢትዮጵያ በዕለቱ ድምፅ አልሰጠችም።) ሐምሌ ላይ ደግሞ ሰሜን ኮሪያ ዶኔትስክንና ሉሃንስክን እንደ ነፃ አገር እውቅና ሰጠች፤ ዩክሬንም ወዲያው ግንኙነቷን በጠሰች።

ይሄ ሁሉ ለኪም ምንም ወጪ አልነበረውም። ወረቀት ነው። ወጪው የመጣው በኋላ ነው።

ለምን የሰሜን ኮሪያ ጥይት?

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሩሲያ ግዙፍ የጦር ኢንዱስትሪ አላት። ታዲያ ከድሃዋ ሰሜን ኮሪያ ምን ፈለገች?

የመድፍ ጥይት።

የዩክሬን ጦርነት ስለ ድሮን ብዙ ይወራበታል እንጂ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመድፍ ጦርነት ነበር። በቀን በሺዎች የሚቆጠር ጥይት ይተኮሳል። የሩሲያ ፋብሪካዎች የቱንም ያህል ቢሠሩ ፍጆታው ቀደማቸው። ምዕራባውያንም ለዩክሬን እንዲሁ አነሳቸው፤ ማንም በ21ኛው ክፍለ ዘመን እንዲህ ዓይነት ጦርነት ይመጣል ብሎ አላጠራቀመማ!

አንድ አገር ግን ስታጠራቅም ነበር። ሰሜን ኮሪያ ከ1953 ጀምሮ ነገ ጦርነት ይነሳል ብላ የምትኖር አገር ናት። የኮሪያ ጦርነት የቆመው በተኩስ አቁም እንጂ በሰላም ስምምነት አይደለም፤ በሕግ ካየነው እስከ ዛሬ አላለቀም። ስለዚህ ሰባ ዓመት ሙሉ ዋሻ ውስጥ ጥይት ስታከማች ኖራለች። ዋናው ቁልፍ ደግሞ ይሄ ነው፦ መሣሪያዎቿ የተሠሩት በሶቪየት ልክ ነው። 122 ሚሊ ሜትርና 152 ሚሊ ሜትር ጥይቶቿ የሩሲያ መድፍ ላይ ያለ ምንም ማስተካከያ ይገባሉ። እንደ ስልክ ቻርጀር አስቡት፤ ሰፈር ውስጥ ያንተን ዓይነት ቻርጀር በካርቶን ያከማቸ አንድ ጎረቤት ብቻ ቢኖር ቀድሞ ሰላም የማትለው ብትሆን እንኳን ሄደህ ታንኳኳለህ።

ፑቲን አንኳኩ። መጀመሪያ ሐምሌ 2023 የያኔው መከላከያ ሚኒስትራቸው ሰርጌ ሾይጉ ፒዮንግያንግ ሄዱ፤ ኪም የጦር መሣሪያ ኤግዚቢሽን ውስጥ እያዞሩ ሚሳኤልና ድሮን አሳዩአቸው። ልክ ገበያ ውስጥ ዕቃ እንደሚያሳይ ነጋዴ። መስከረም 13 ኪም በተራቸው በባቡር ሩሲያ ሄደው ቮስቶችኒ በሚባለው የጠፈር ማዕከል ከፑቲን ጋር ተገናኙ። ቦታው ራሱ መልእክት ነበረው፤ ምክንያቱም ኪም በዚያው ዓመት ግንቦትና ነሐሴ ላይ የስለላ ሳተላይት ሊያመጥቁ ሞክረው ሁለቱም ጊዜ ወድቆባቸዋል። በሦስተኛው ሙከራ፣ ከጉብኝቱ ሁለት ወር በኋላ፣ ኅዳር ላይ ተሳካላቸው።

ኪም ገና ከሩሲያ ሳይመለሱ መርከቦቹ ሥራ ጀምረው ነበር። አሜሪካ ጥቅምት 2023 ይፋ ባደረገችው የሳተላይት ፎቶ መሠረት አንጋራ የምትባል የሩሲያ መርከብ ከሰሜን ኮሪያዋ የራጂን ወደብ ኮንቴይነር ጭና ወደ ሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ትመላለሳለች። ከዚያ በባቡር አገሩን አቋርጦ ቲኮሬትስክ ወደሚባል ከዩክሬን ድንበር 290 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቅ የጥይት መጋዘን ይደርሳል። ያኔ የተቆጠረው ከአንድ ሺህ በላይ ኮንቴይነር ነበር። በሐምሌ 2025 የደቡብ ኮሪያ ወታደራዊ መረጃ ቁጥሩን 28 ሺህ አድርሶታል፤ ሁሉም 152 ሚሊ ሜትር ቢሆን 12 ሚሊዮን ጥይት ማለት ነው።

ቁጥሩ የጠላት ግምት ስለሆነ ትንሽ ጨው ጣል አድርጋችሁ ብትወስዱት አይከፋም። ግን አሥራ አንድ አገሮች ያሉበት ተቆጣጣሪ ቡድንም በግንቦት 2025 ሪፖርቱ በ2024 ብቻ እስከ 9 ሚሊዮን የሚደርስ የመድፍና የሮኬት ጥይት፣ ቢያንስ 100 ባለስቲክ ሚሳኤል መላኩን ጽፏል። የያኔው የዩክሬን ወታደራዊ ስለላ አለቃ ኪሪሎ ቡዳኖቭ ደግሞ ሩሲያ ከምትተኩሰው ጥይት አርባ በመቶው የሰሜን ኮሪያ ነው ብለዋል። ጠላት የሆነ ሰው የተቃዋሚውን ጥገኝነት ማጋነን ይወዳል፤ ቢሆንም ግማሹ እንኳን እውነት ቢሆን ጦርነቱን ያራዘመው ምን እንደሆነ ይነግራችኋል።

ሚሳኤሉስ? ጥር 2 ቀን 2024 ካርኪቭ ከተማ ላይ የወደቀውን ስብርባሪ የተባበሩት መንግሥታት ተቆጣጣሪዎች መርምረው የሰሜን ኮሪያው ህዋሶንግ 11 መሆኑን አረጋግጠዋል። ሰው የሚኖርበት ከተማ ነው ካርኪቭ።

ትራፊክ ፖሊሱ ሲባረር

ይሄኛው ክፍል አሰልቺ ይመስላል፣ ግን አትዝለሉት። እኔ በግሌ ከሚሳኤሉ በላይ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው።

ሰሜን ኮሪያ መሣሪያ መሸጥ አትችልም። የጸጥታው ምክር ቤት ከ2006 እስከ 2017 በተደራረቡ ውሳኔዎች ከልክሏታል። ውሳኔዎቹን የደገፈው ማን ነው? ሩሲያም ጭምር! እጇን አውጥታ። ማዕቀቡ መጣሱን የሚከታተል የባለሙያዎች ቡድንም ነበር፤ የካርኪቩን ስብርባሪ የመረመሩት እነሱ ናቸው።

ጉዳዩን ያገናኛችሁት መሰለኝ። ያ ምርመራ ከተካሄደ በኋላ አይደለም እንኳን፣ ምርመራው ገና እየተካሄደ ባለበት ሰሞን፣ መጋቢት 28 ቀን 2024 የቡድኑ የሥራ ዘመን ይራዘም ተብሎ ድምፅ ተሰጠ። 13 አገሮች ደገፉ፣ ቻይና ድምፀ ተዓቅቦ አደረገች፣ ሩሲያ ቬቶ አለች። በቃ። ሚያዝያ 30 ቡድኑ ተበተነ።

ማዕቀቡ ግን አልተነሳም። ሕጉ አለ፤ ትራፊክ ፖሊሱ ግን ከመንገዱ ተባረረ። ቅድም ያነሳሁት የ11 አገሮች ቡድን በኋላ የተቋቋመው ክፍተቱን ለመሙላት ነው፤ አሜሪካ፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ጃፓንና ሌሎች ምዕራባውያን ብቻ ስለሆኑበት የተባበሩት መንግሥታትን ማኅተም አልያዘም። ስለዚህ ሞስኮ በቀላሉ «የጠላቶቼ ወሬ ነው» ትላለች።

ለኪም ይሄ ከገንዘብ ይበልጣል። በሃኖይ ዮንግብዮንን ያህል ነገር ልስጥ ብለው ያላገኙትን የማዕቀብ ማላላት፣ ፑቲን በአንድ እጅ ማውጣት ሰጧቸው። ለምሳሌ ነዳጅን ብንወስድ ማዕቀቡ በዓመት ከ500 ሺህ በርሜል የተጣራ ነዳጅ በላይ እንዳይገባላት ይላል። የ11 አገሮቹ ሪፖርት እንደሚለው ከመጋቢት እስከ ጥቅምት 2024 ባለው ጊዜ ብቻ ከሩሲያ ከአንድ ሚሊዮን በርሜል በላይ ገብቷል።

ከጥይት ወደ ሰው

ሰኔ 19 ቀን 2024 ፑቲን ከ24 ዓመት በኋላ ፒዮንግያንግ ረገጡ። አበባ፣ ፈረስ፣ ፊኛ፣ የሁለቱ መሪዎች ግዙፍ ፎቶ… ቪዲዮውን አይታችሁት ይሆናል፤ በተለይ በሩሲያ ሠራሹ አውሩስ ሊሞዚን እየተፈራረቁ አንዳቸው ሌላውን ሲነዱ። ቲክቶክ ላይ ስቀንበታል። የሳቁን ያህል ግን ያን ቀን የተፈረመውን ወረቀት ያነበበ ጥቂት ነው።

አንቀጽ 4 ነው ቁልፉ። ከሁለቱ አንዱ በትጥቅ ወረራ ምክንያት ጦርነት ውስጥ ከገባ ሌላው ሳይዘገይ ባለው መንገድ ሁሉ ወታደራዊ እርዳታ ይሰጣል ይላል። በ1961 ከሶቪየት ኅብረት ጋር የነበራቸው ስምምነት ተመሳሳይ ነገር ነበረው፤ ሶቪየት ከፈረሰች በኋላ በ1996 አብቅቶ ነበር። ፑቲን መልሰው አመጡት።

ሲፈረም ብዙ ተንታኝ «አንቀጹ ለደቡብ ኮሪያ ማስፈራሪያ ነው፣ ሩሲያ ውስጥ ማን ይገባል?» ብሎ ነበር። ሁለት ወር አልሞላም፤ ነሐሴ 6 የዩክሬን ጦር ድንበር ተሻግሮ ኩርስክ ገባ። ዩክሬን ያንን ያደረገችው ለራሷ ወታደራዊ ምክንያት ነው። ግን ሳታስበው ለኪም ሕጋዊ በር ከፈተችላቸው፦ «ሩሲያ ተወረረች፣ አንቀጽ 4 ይሠራል»። የሰሜን ኮሪያ ወታደሮች ዶኔትስክ ሳይሆን ኩርስክ ላይ የታዩት በአጋጣሚ አይደለም ባይ ነኝ።

ጥቅምት 2024 ደቡብ ኮሪያ ልዩ ኃይሎች በመርከብ ወደ ቭላዲቮስቶክ መጓዝ መጀመራቸውን ይፋ አደረገች። በአጠቃላይ እስከ 15 ሺህ የሚደርስ ወታደር ሄደ ተብሎ ይገመታል። ሞስኮም ፒዮንግያንግም ለወራት አላመኑም፤ የዛ ልጅ የቱቫ መታወቂያም ከዚህ ድብብቆሽ ውጪ ሌላ ምን ሥራ እንደነበረው አይገባኝም።

ጦር ሜዳው ለነዚህ ልጆች ምን ይመስል ነበር? ዩክሬኖች የለቀቋቸው ቪዲዮዎች ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በረዶ በሸፈነው ሜዳ በቡድን ሆነው በእግር ሲያጠቁ ይታያሉ። ከላይ ድሮን። መሸሸጊያ ዛፍ እንኳን የለም። የሠለጠኑት ለተራራማዋ ኮሪያ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ጦርነት በሕይወታቸው አላዩም። የደቡብ ኮሪያ ስለላ በሚያዝያ 2025 የሞቱትን 600፣ የሞቱና የቆሰሉትን ባንድ ላይ 4,700 አድርሶ ነበር፤ በመስከረም የሟቾቹን ግምት ወደ 2,000 አሳደገው። በተገደሉ ወታደሮች ላይ በተገኘ ማስታወሻ፣ ከመማረክ ራስን ማጥፋት እንደሚሻል መታዘዛቸውንም ተናግሯል።

ደሞዝስ? እዛው ስለላ መሥሪያ ቤት እንደሚለው ሩሲያ ለአንድ ወታደር በወር 2,000 ዶላር ያህል ትከፍላለች። አብዛኛው ግን የሚገባው መንግሥት ካዝና እንጂ ልጁ ኪስ ውስጥ አይደለም ተብሎ ይታመናል። እስቲ አስቡት፤ የልጁ ሕይወት ኤክስፖርት ሆነ ማለት ነው።

ሚያዝያ 2025 መጨረሻ ላይ መጋረጃው ተገለጠ። መጀመሪያ የሩሲያው ኤታማዦር ሹም ቫሌሪ ጌራሲሞቭ የሰሜን ኮሪያ ወታደሮችን አመሰገኑ፤ ሁለት ቀን ቆይቶ ፒዮንግያንግ አመነች፣ አንቀጽ 4ን ጠቅሳ። ሰኔ ላይ አንድ ሺህ ፈንጂ አምካኝና አምስት ሺህ የግንባታ ወታደር ለኩርስክ እንደሚላክ ሾይጉ አሳወቁ። በዚያው ወር ኪም ባንዲራ በለበሱ የሬሳ ሳጥኖች ፊት የቆሙበት ምስል በአገሪቱ ቴሌቪዥን ታየ። ነሐሴ ላይ ደግሞ ከመቶ በላይ የሟቾች ፎቶ በተሰቀለበት ግድግዳ ፊት ሜዳሊያ ሲያደርጉ፣ የሚያለቅሱ ቤተሰቦችን ሲያቅፉ ታዩ።

ለምን መደበቁን ተዉት? አሥራ አምስት ሺህ ቤተሰብ አፍ መዝጋት ለሰሜን ኮሪያም ይከብዳል። ሬሳ ሲመጣ ወሬ ይመጣል። ስለዚህ ወሬው ሐሜት ሆኖ ከሚሰራጭ ጀግንነት ሆኖ ቢነገር ይሻላል ብለው ይመስለኛል።

እና ምን አገኙ?

ነዳጁን አይተናል። የደቡብ ኮሪያ ማዕከላዊ ባንክ የሰሜን ኮሪያ ኢኮኖሚ በ2024 በ3.7 በመቶ አደገ ብሎ ገምቷል፤ በስምንት ዓመት ውስጥ ትልቁ ነው። ለዚህም ከሩሲያ ጋር የተደረገውን ትብብር እንደ ዋና ምክንያት ጠቅሷል። የጥይት ፋብሪካ ሲሠራ ብረት ፋብሪካውም ይሠራል። ይሄ ግን የሕዝቡ ማዕድ ሞላ ማለት አይደለም። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ግምት ከሕዝቡ ትልቅ ክፍል የሚሆነው በቂ ምግብ አያገኝም ይላል።

ሁለተኛው ቴክኖሎጂ ነው። የአየር መከላከያ ሚሳኤል ከሩሲያ መሰጠቱን ደቡብ ኮሪያ ተናግራለች። የሳተላይቱን፣ የሰርጓጅ መርከቡን፣ የረጅም ርቀት ሚሳኤሉን ቴክኖሎጂ ምን ያህል እንደተሰጣቸው ግን በውጭ ያለ ሰው ሁሉ እየገመተ ነው፤ «ሰጥቷል አለቀ» የሚሏችሁን አትመኑ።

ሦስተኛው ላይ ግን ግምት አያስፈልግም፤ ልምድ። ሮይተርስ በየካቲት 2025 የዩክሬን ባለሥልጣናትን ጠቅሶ እንደዘገበው የሰሜን ኮሪያ ሚሳኤሎች መጀመሪያ ላይ ዒላማቸውን ከአንድ እስከ ሦስት ኪሎ ሜትር ይስቱ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ስህተታቸው ከ50 እስከ 100 ሜትር ሆነ። ይሄ ምን ማለት ነው? ኪም ሚሳኤላቸውን በቤተ ሙከራ ሳይሆን በሰው ከተማ ላይ ሞከሩት፣ ስህተቱን አረሙ። የተስተካከለው ሚሳኤል ደግሞ ዒላማው ኪየቭ ብቻ አይደለም። ሴኡል ከድንበሩ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከነአካባቢዋ የአገሪቱ ግማሽ ሕዝብ የሚኖርባት። ከሩሲያ የተመለሱት መኮንኖችም ድሮንን በዓይናቸው አይተው ነው የሚመለሱት። ዛሬ ላይ ትልቅ ጦር ካላቸው አገሮች ውስጥ የዚህ ዓይነቱን ጦርነት በራሱ ወታደር የቀመሰ ስንት አለ?

አራተኛው ክብር ነው። መስከረም 3 ቀን 2025 ቤጂንግ ላይ በወታደራዊው ሰልፍ ዢ ጂንፒንግ መሐል፣ ፑቲን በአንድ በኩል፣ ኪም በሌላ በኩል ሆነው ታዩ። ጥቅምት 10 ፓርቲያቸው 80ኛ ዓመቱን ሲያከብር የቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትርና የሩሲያው ዲሚትሪ ሜድቬዴቭ ከጎናቸው ነበሩ። ቻይና ነገሩን መጀመሪያ በግንባሯ ሸብሸብ ነበር የምታየው፤ ጎረቤቷ ሌላ ጌታ ሲያገኝ ደስ አይላትም። ግን ኪም ሁለቱን አገሮች ማሻማት ሲጀምሩ እሷም ወደ ጨረታው ገባች።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደግሞ ትራምፕ ደቡብ ኮሪያ መጡ፤ ኪምን ማግኘት እፈልጋለሁ ብለው በየጋዜጠኛው ፊት ተናገሩ። ኪም መልስ እንኳን አልሰጡም። በ2019 ስልሳ ሰዓት በባቡር የሄዱት ሰውዬ አሁን ደጃቸው ድረስ ለመጣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስልክ አላነሱም። ከሃኖይ እስከዚህ ያለው መንገድ በኩርስክ በኩል ነው የሚያልፈው።

እኛና ሁለቱ ኮሪያዎች

«ምን አገባን?» ለምትሉ፦ ትንሽ ያገባናል።

የቃኘው ሻለቃ ከ1951 ጀምሮ ኮሪያ ዘምቶ ከደቡብ ጎን ተዋግቷል፤ ከ120 በላይ ልጆቻችን አልተመለሱም። ይሄን ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙዎቻችን የማናውቀው ሌላኛውን ገጽ ነው። ደርግ ሲመጣ ወዳጅነቱ ወደ ሰሜን ዞረ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለውን የትግላችን ሐውልት የሠሩት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው። አምቦ አካባቢ ያለው የሆሚቾ የጥይት ፋብሪካም በእነሱ እርዳታ ነው የተቋቋመው። እንዲያውም በጥር 2007፣ የመጀመሪያው ማዕቀብ በወጣ በሦስት ወሩ፣ ኢትዮጵያ ከሰሜን ኮሪያ የጦር ዕቃ ስትገዛ አሜሪካ አውቃ ዝም ማለቷን ኒውዮርክ ታይምስ ዘግቧል። ሶማሊያ ውስጥ አል ሸባብን ጨምሮ የእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረትን እየተዋጋን ስለነበር። ማዕቀብ ድሮም ሲፈለግ የሚላላ ነገር ነው ማለት ነው፤ አሁን ያላላችው ሩሲያ ስለሆነች አዲስ አይምሰላችሁ።

ሌላም አለ። ሚያዝያ 2022 አዲስ አበባ የሚገኘው የሩሲያ ኤምባሲ በር ላይ ለመዝመት የተሰለፉት ወጣቶች ትዝ ይሏችኋል? ኤምባሲው ወታደር አልመለምልም ብሎ መግለጫ አወጣ፣ ሰልፉ ተበተነ። የኛ ልጆች ተሰልፈው ነበር፤ የሰሜን ኮሪያው ልጅ ግን አልተጠየቀም። ልዩነቱ ይሄ ነው። ያሰለፈው ድህነት ግን ብዙም አይለያይም።

ጦርነቱ ቢቆምስ?

የኪም ሂሳብ አንድ ደካማ ጎን አለው። ሩሲያ ጥይት የምትፈልገው እስከተዋጋች ድረስ ነው። ሰላም ከመጣ የመድፍ ጥይት ገበያው ይቀዘቅዛል። ኪም ይሄን ያውቃሉ ብዬ ነው የማስበው፤ ለዛም ነው ግንኙነቱን በሲሚንቶ ለማሰር የሚጣደፉት። በቱመን ወንዝ ላይ ሁለቱን አገሮች የሚያገናኝ የመኪና ድልድይ ግንባታ ሚያዝያ 2025 ተጀመረ። ሰኔ ላይ ከሞስኮ ፒዮንግያንግ የሚወስደው ባቡር፣ ሐምሌ ላይ ቀጥታ በረራው ጀመረ። ዎንሳን የተሠራው ትልቅ የባሕር ዳርቻ መዝናኛም ሩሲያውያን ቱሪስቶችን ይጠብቃል።

ደቡብ ኮሪያም ዝም ብላ እያየች አይደለም። ለዩክሬን ገዳይ መሣሪያ በቀጥታ አልሰጥም የሚለውን አቋሟን ይዛለች፤ በጎን ግን ከ2022 ጀምሮ ለፖላንድ ታንክና መድፍ በብዙ ቢሊዮን ዶላር እየሸጠች ነው። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዩን ሱክ ዮል ወታደሮቹ ኩርስክ ሲገቡ አቋማችንን ልንቀይር እንችላለን ብለው ዝተው ነበር። በወሩ ራሳቸው ወታደራዊ አዋጅ አውጀው፣ ከሥልጣን ተባረው፣ ነገሩ በዛው ቀረ። በሰኔ 2025 የተመረጡት ሊ ጄ ምዩንግ ከሰሜን ጋር መነጋገር ይሻላል ባይ ናቸው። ሰሜን ግን ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ውህደት የሚባለውን ነገር ትታ ደቡብን ዋና ጠላቴ ብላለች፤ የሚያገናኙትን መንገዶች ጥቅምት 2024 በፈንጂ አፈራርሳለች።

ወደ ሁለቱ ምርኮኞች ልመለስ። ከመካከላቸው አንዱ የካቲት 2025 ላይ ለአንድ የደቡብ ኮሪያ ጋዜጣ ወደ ደቡብ መሄድ እንደሚፈልግ ተናግሯል። ሴኡል በሕገ መንግሥቷ የሰሜኑን ሕዝብ እንደ ዜጋዋ ስለምትቆጥር ከፈለጉ እቀበላለሁ ብላለች። የጄኔቫው ስምምነት ደግሞ ጦርነት ሲያበቃ ምርኮኛ ወደ አገሩ ይመለስ ይላል። ሲማረኩ አገራቸው እዚያ መኖራቸውን አላመነችም ነበር። አሁን አምናለች፤ ግን ያመነችው ለሞቱት ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሟቾች ፎቶ ነው እንጂ ስለተማረኩት ፒዮንግያንግ ያለችው ነገር የለም።